በአንድ ዓይን የሳልኩት ጓደኛዬ

ከአዲስ አበባ ከተመለስኩ ሳምንት ሆነኝ። ሮቤ ገበያ ውስጥ ያገኘኝ ሁሉ «ፒያሳ እንዴት ነች?» እያለ ያቆመኛል። ለእያንዳንዱ ቆሜ ከማወራ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። አብዛኞቻችሁ እዚያ አትሄዱም፤ ብትሄዱም እኔ የገባሁበት ግቢ እናንተን አያስገባም።

የሄድኩት በስልክ ተጠርቼ ነው። ወጣት ሳለሁ ወታደር እንደነበርኩ ታውቃላችሁ። ካምፓችን ከአፍንጮ በር በላይ ዳገቱ ላይ ነበር። እጄ ታፔላ መጻፍ ስለለመደ አዛዡ የመመገቢያ አዳራሹን ግድግዳ እንድስል አዘዙኝ። እኔም በአንድ ክፍል አብረን የምናድረውን አሥራ ሁለታችንን ሳልኩ፤ ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተደርድረን ስንበላ። ሁላችንም ፊት ለፊት እናያለን። ወደ ጎን የዞረው ሙሉጌታ ብቻ ነው።

ሙሉጌታ የአፍንጮ በር ልጅ፣ የልብ ጓደኛዬ ነበር። ስስለው አንገቱ አንድ ቦታ አይረጋም፤ ዞር በል ስለው ይዞርና ወዲያው ወደ መስኮቱ ይመለሳል። «አንተ ፋራ፣ እንዳለሁ ሳለኝና ተገላገል» አለኝ። ተናደድኩና እንደተቀመጠው፣ በጎኑ፣ በአንድ ዓይኑ ሳልኩት። ሊነሳ ሲል ደግሞ ሥዕሉ ውስጥ ካለው መስኮት፣ ከቤቶቹ ጣሪያ መሃል፣ ትንሽ ቀይ ነገር እንዳደርግለት ለመነኝ። ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው «ፋራ አይገባውም» ብሎ ሳቀ። አደረግኩለት። ከወር በኋላ ግንባር ወረድን። ሙሉጌታ አልተመለሰም። ሲሞት ያየው የለም፣ ሬሳውም አልተገኘም።

ከዚህ ሁሉ ዘመን በኋላ፣ እስካሁን በዚያው ካምፕ የሚያገለግለው የጥንት ጓዳችን ሻምበል ባሻ ታደሰ ደወለልኝ። «ከድር፣ አዳራሹ ሊታደስ ነው። ዓርብ ጠዋት ግድግዳህ ላይ ነጭ ይቀባበታል» አለኝ። ቀጥሎ የነገረኝ ግን ከዚህ የባሰ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ሥዕሉ ካላንደር ላይ ታትሞ አፍንጮ በር አንድ ፀጉር ቤት ተሰቅሎ ኖሯል። የሙሉጌታ እናት እዚያ አይተውት ልጄን ይሁዳ አድርገው ሳሉት ብለው ቤታቸውን ዘጉ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግ ሰው ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉ ሰው ወደ ጎን ዞሮ በአንድ ዓይን ይሳላል። አሥራ ሁለት ሰው በአንድ ማዕድ ቀርቦ አንዱ በአንድ ዓይን ከተሳለ፣ የሰፈሩ ሰው ከሃዲው ማን እንደሆነ አይጠይቅም። ሬሳው ያልተገኘውም ለጠላት ስላደረ ነው ተባለ።

እኔ የሙስሊም ልጅ ነኝ። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ቀና ብዬ አይቼ አላውቅም። ስልኩን ይዤ አጥሩ ሥር ቁጭ አልኩ፤ እፍረት እንደ ብርድ ከእግሬ ጀምሮ ወጣብኝ።

«ነገርኳቸው እኮ፣ አላመኑኝም» አለ ታደሰ። «የሳለው ይምጣና ይንገረኝ አሉ።»

ስለዚህ ከዓርብ በፊት ደርሼ ሁለተኛውን ዓይን ልሰጠው፣ እናቱንም አምጥቼ ላሳያቸው ተነሳሁ።

ሰኞ

አውቶቡሱ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተነሳ። ከቤት የተረፉኝን የቀለም ጣሳዎች ሁሉ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ቡናማ፣ ቀይ፣ በፌስታል ጠቅልዬ ከቅያሪ ልብሴ ጋር ሻንጣ ውስጥ ከትቻለሁ። ሐምሌ ስለሆነ ዲንሾ ላይ ጉሙ መንገዱን ዋጠው። ሾፌሩ በጥሩምባው እየዳበሰ የሚሄድ ይመስል ነበር። ዶዶላ ስንደርስ ተነፈሰ፤ ጎማው ማለቴ ነው። ወርደን ዝናብ ውስጥ ቆምን። አንዲት ተሳፋሪ ከጨርቅ ውስጥ ትኩስ ድንች አውጥታ ለሁላችን አካፈለች። የማላውቃት ሴት ናት፤ እስካሁንም ስሟን አላውቅም።

ከአሰላ በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ። በሕልሜ ሙሉጌታ ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጦ ወደ ውጭ ያያል። ስሙን ብጠራው አይዞርም። ስነቃ አዳማን አልፈን፣ ከላይ ከዕቃ መጫኛው ቀይ ነገር በመስኮቱ ላይ ይንጠባጠባል። ረዳቱ ደም መስሎት መኪናውን አስቆመ። የቀዩ ቀለም ክዳን ነበር የተከፈተው። ቅያሪ ሸሚዜ ምኑም አልተረፈም። ጣሳውን ባየው ከሥሩ ትንሽ ቀርቷል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አልጣልኩትም፣ ክዳኑን በድንጋይ መትቼ መልሼ ከተትኩት።

ያረፍኩት በጭፈራ ቤቶቹ በታወቀው ውቤ በረሃ፣ አንዲት ፔንሲዮን ውስጥ ነው። ትስቁብኝ ይሆናል፤ የመስጊድ ኮሚቴ አባል፣ የሦስት ልጆች አያት፣ ውቤ በረሃ። ታደሰ የያዘልኝ ለካምፑ ስለሚቀርብ ነው። ባለቤቱ ጋሽ ወልዴ የሚባሉ የጉራጌ ሽማግሌ ናቸው። ሻንጣዬን አይተው «ሰው ገድለህ ነው የመጣኸው?» አሉኝ። ስነግራቸው ሸሚዙን ነጥቀውኝ ራሳቸው በአኳራጅ ይፈትጉት ጀመር። አኳራጅ እኛ ሠዓሊዎች ቀለም የምናቀጥንበት ነው፤ እሳቸው ከየት እንዳመጡት እንጃ። ቀይነቱ ወደ ሮዝ ተለወጠ እንጂ አልለቀቀም።

«ቂብላው በየት በኩል ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው ያለ አንድ ቃል ወጥተው መንገድ ላይ ያገኙትን ሙስሊም ነጋዴ ጠይቀው ተመለሱ። አልጋውን ገፍተው መስገጃ ቦታ አበጁልኝ። እራቱንም «የኛ ሥጋ አይሆንህም» ብለው ከሙስሊም ምግብ ቤት አስመጡልኝ። ከታች የሙዚቃው ምት ወለሉን ያንቀጠቅጠዋል። እኔ ሱጁድ ላይ ግንባሬ ይንቀጠቀጣል። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ሳቄ መጣ።

ማክሰኞ

ጠዋት ፒያሳ ወጣሁ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ሮቤ ውስጥ አንድ ሱቅ ሲፈርስ ወር ሙሉ እናወራዋለን። እዚህ መንገዱ ሰፍቶ፣ በግራና ቀኝ አበባ ተተክሎ፣ እንደ ስንዴ ማሳ የተደረደሩ መብራቶች ቆመው፣ እኔ የማውቀው ፎቅና ደረጃ ሁሉ የለም። ጥሩ ነው፤ እግር ያራምዳል። ግን በቀጭኑ ዝናብ ውስጥ ስሄድ የድሮዎቹ ሱቆች ከአዲሱ መንገድ በላይ ተንሳፍፈው ይታዩኝ ነበር። በር ያለበት እየመሰለኝ ሁለት ጊዜ ዞር ብያለሁ።

ከሙሉጌታ ጋር ማኪያቶ የጠጣንበትን ቤት አንዲት ትራፊክ ፖሊስ ጠየቅኩ።

«ነበረ» አለች።

«ከጎኑ ፎቶ ቤት...»

«እሱም ነበረ። እርስዎ የሚፈልጉት ሰፈር ሁሉ ነበረ ነው፣ አባ።»

ቀልዷ አላስከፋኝም። ሙሉጌታም ቢሆን እንደዚህ ነበር የሚመልሰው። ድልድዩን ተሻግሬ ወደ አፍንጮ በር ስወጣ ግን እርምጃዬ ቀስ እያለ መጣ። ሰፈሩ እንዳለ ነው። ቆርቆሮው፣ የድንጋይ አጥሩ፣ ታክሲ የሚጠብቁት ሰዎች፣ ሁሉም በጉም ውስጥ እንደ ታጠበ ሥዕል ደብዝዞ ቆሟል። ታደሰ የነገረኝን በር አግኝቼ አለፍኩት። ተመልሼ መጣሁ፣ ደግሜ አለፍኩት። ፈርቼ ነበር፤ ግንባር ላይ እንኳን እንደዚያ አልፈራሁም።

በሦስተኛው በሩ ተከፈተና ነጭ ፀጉር ያላቸው ትንሽ ሴት ብቅ አሉ። ፊቴን ሳይሆን እጄን አዩ።

«ጥፍርህ ውስጥ ቀለም አለ» አሉ። «ባለቤቴ ነፍሳቸውን ይማርና የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ሃያ ዓመት እንደዚህ ያለ ጥፍር አይቻለሁ። ከድር ነህ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ፋራው ይልህ የነበረው?»

ራሴን ነቀነቅኩ።

የሙሉጌታ እናት፣ እማማ ዘነበች፣ አስገብተው አስቀመጡኝ። ቤታቸው ንጹሕ ነው፣ የልጃቸው ፎቶ ግን ግድግዳው ላይ የለም። ሁሉንም ነገርኳቸው፦ ሥዕሉ የተሳለው ግንባር ከመውረዳችን በፊት እንደነበር፣ ሙሉጌታ አልረጋ ብሎ እንዳናደደኝ፣ የዓይኑን ነገር እንደማላውቅ። ስጨርስ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ብቻውን ያወራ ነበር።

«አንተ አትዋሽም» አሉ በመጨረሻ። «ግን ያኔ በዓይኔ ያየሁትን ዛሬ በጆሮዬ ልሽረው አልቻልኩም። ሠፈር ሙሉ አይቶታል። እናቱ ስሆን እኔ ራሴ ሌሊት ሌሊት፣ ምናልባት እውነት ይሆን እያልኩ ልጄን ጠርጥሬዋለሁ። ይኼን ማን ያነሳልኛል?»

«ነገ ግድግዳው ጋ እንሂድ። ሁለተኛውን ዓይን እርስዎ ፊት እስለዋለሁ።»

«ነገ ረቡዕ ነው» አሉ። «ምሳ እዚህ ትበላለህ። ከዚያ እንሄዳለን።»

ረቡዕ

ጾም በመሆኑ ሁለታችንም ተገላገልን፤ ሽሮና ጎመን የክርስቲያን ወይም የሙስሊም አይባልም። እኛ ሮቤ ጎመን በቅቤ ነው የምንወደው፤ የእማማ ዘነበች ግን በዘይትና በነጭ ሽንኩርት ብቻ ሆኖ ጣት ያስቆረጥማል። ሦስት ጊዜ አጎረሱኝ። በመጨረሻው ጉርሻ ላይ «ሙሌ እንዳንተ አይበላም ነበር፤ ወሬው አያስበላውም» አሉ። ስሙን ሲጠሩ የሰማሁት ያኔ ነው።

ዳገቱን በእኔ ክንድና በጃንጥላቸው ተደግፈው ወጡ። በር ላይ ታደሰ ፈቃዱን ይዞ ጠበቀን። ስልኮቻችንን አስረከብን። ዘበኛው ጣሳዎቼን አንድ በአንድ ከፍቶ በእንጨት እያማሰለ ፈተሻቸው። ቀዩ ጋ ሲደርስ «ይሄ እኮ አልቋል» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት።

አዳራሹ ባዶ ነበር። ጠረጴዛና ወንበሩ ለእድሳቱ ወጥቷል። የቀረነው እኛና እነሱ ነን፤ በወዲያኛው ግድግዳ ላይ አሥራ ሁለት ወጣቶች ተደርድረው። እርጥበት ከታች እየበላ መጥቶ እግራቸውና ጠረጴዛው ጠፍቷል። ከወገባቸው በላይ ብቻ ነጭ ጉም ላይ የተቀመጡ ይመስላሉ። እኔም መሃላቸው አለሁ፣ ፀጉሬ ጥቁር፣ ጉንጬ ሙሉ። ልጆቼ እንኳን ያንን ሰው አያውቁትም። አልሳልኩትም ማለት አማረኝ፤ በሕልሜ አይቼው የነቃሁ መሰለኝ።

እማማ ዘነበች ሌሎቻችንን አላዩም። በቀጥታ ወደ ዳር፣ ወደ ሙሉጌታ ሄዱ። ጃንጥላቸውን መሬት ላይ አደረጉ። እኔ ነጩንና ጥቁሩን ጣሳ ከፍቼ ብሩሼን አወጣሁ። ፊቱን ወደ እኛ ለማዞር አፍንጫውን በቡናማ ደፍኜ እንደ አዲስ መጀመር እንዳለብኝ በልቤ እያሰላሁ ነበር። አንድ ሰዓት ይበቃኛል ብዬ ለታደሰ ነገርኩት።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሉ እማማ ዘነበች።

ጣታቸው የልጃቸው ፊት ላይ አልነበረም። ከፊቱ ባለው፣ እኔ በሳልኩት መስኮት ውስጥ፣ ከግራጫ ጣሪያዎቹ መሃል የምስር ፍሬ የምታክለውን ቀይ ነጥብ ነክተዋል።

«አላውቅም፣ እማማ። እሱ ነው አድርግልኝ ያለኝ። ብጠይቀው ፋራ አይገባውም ብሎ ሳቀ።»

«ካላንደሩ ላይ ይሄ የለም።»

«ትንሽ ስለሆነች ሲታተም ጠፍታ ይሆናል።»

እጃቸው ግድግዳው ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ወደ ቀኝ ዞረው የአዳራሹን እውነተኛ መስኮት፣ ያኔ ሙሉጌታ እያየ ያስቸገረኝን አዩት። ሄደው ቆሙበት። ታደሰና እኔም ከኋላቸው ቆምን። ዳገቱ ሥር የአፍንጮ በር ጣሪያዎች በዝናብ ውስጥ ተኝተዋል። እኔ ያኔም አሁንም ጣሪያ ብቻ ነው የሚታየኝ።

«ያ የኔ ነው» አሉ። «ከዛፉ ወዲህ ያለው። የልብስ ገመዴ ይታያል።»

በጣታቸው ታች ያለውን ቤት አሳዩን።

«ካምፕ ሲገባ ፈቃድ የሚሰጠው በወር አንዴ ነበር። ስለኔ ይጨነቃል፣ አባቱ ሞተው ብቻዬን ነበርኩ። ‹እማዬ፣ ደህና ስታድሪ ቀዩን ብርድ ልብስ ገመዱ ላይ ጣይው፤ ከላይ ሆኜ አየዋለሁ› አለኝ። የአራዳ ቀልዱን መሰለኝ። ከዚህ ድረስ ማን ያያል? ቢሆንም በየጠዋቱ አሰጣው ነበር። ከሄደም በኋላ እስኪበጣጠስ አሰጣሁት።» ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። «ያየው ነበር ለካ። እንጀራውን ትቶ እሱን ነበር የሚያየው።»

ታደሰ ኮፍያውን አወለቀ። እኔ አለቀስኩ፤ አላፍርበትም። ያን ጊዜ አልረጋ ብሎኝ ስድብ ሁሉ ሰድቤዋለሁ።

ብሩሼን አንስቼ «እማማ፣ ልጀምር?» አልኳቸው።

«ተወው፣ ልጄ» አሉ። «ዓይኑን ከቤቱ ላይ አታንሳበት።»

ሐሙስ

ጠዋት ጋሽ ወልዴ ሮዝ የሆነውን ሸሚዜን ተኩሰው፣ ከነምርቃቱ ሰጡኝ። ለብሼው ወደ እማማ ዘነበች ቤት ሄድኩ። ከፍራሻቸው ሥር አንድ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። ካላንደሩ ነበር። ያኔ ፀጉር አስተካካዩ ሲያለቅሱ አይቶ አውርዶ ሰጥቷቸዋል፤ ሊቀድዱትም ሊያቃጥሉትም ሳይችሉ ኖረዋል። መስኮቱ አለ፣ ጣሪያዎቹ አሉ፤ ቀዩ የለም።

«ነገ ግድግዳው ነጭ ይሆናል» አሉ። «ቀይ ቀለም አለህ?»

ጣሳውን በጩቤ ከፈትኩ። ከሥሩ የቀረው በቆዳ ተሸፍኖ ነበር፤ ቆዳውን ሳነሳው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ አገኘሁት። በቀጭኑ ብሩሽ ጫፍ ነካ አደረግኩ፤ እማማ ቦታዋን በጣታቸው አሳዩኝና ቀይዋን ነጥብ አስቀመጥኳት። ብሩሹ ቀለም በዝቶበት ትንሽ ሰፋች። «ብርድ ልብሱም ሰፊ ነበር» አሉ።

ሲደርቅ ይዘነው ወጣን። ፀጉር ቤቱ ያው ነው። ፀጉር አስተካካዩ ብቻ ሸብቷል። ወንበር ላይ አንድ ሰው ግማሽ ፂሙ ተላጭቶ ተቀምጧል፣ ሌሎች አራት ተራ ይጠብቃሉ። እማማ ዘነበች በሩ ላይ ቆመው ካላንደሩን ዘረጉ።

«የድሮ ቦታው ላይ መልስልኝ» አሉት።

ፀጉር አስተካካዩ ካላንደሩን አየ፣ እሳቸውን አየ። «እማማ፣ እርግጠኛ ነዎት?»

«ልጄ ነው። የሚያየው መስኮት ቤቴን ያሳያል። ያቺ ቀይዋ የኔ ብርድ ልብስ ናት። የሳለውም ይኸው፣ ጠይቁት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በሮዝ ሸሚዜ፣ በገጠር አማርኛዬ ነገርኳቸው። ብዙ አልነበረም የነገርኳቸው። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አስቀምጦ መስታወቱ አጠገብ የነበረውን አንድ የኳስ ቡድን ፎቶ አነሳና በዚያው ምስማር ካላንደሩን ሰቀለ። ግማሽ የተላጨው ሰውዬ ከወንበሩ ተነስቶ፣ ፎጣው አንገቱ ላይ እንዳለ፣ ጎንበስ ብሎ የእማማ ዘነበችን እጅ ሳመ። ሽማግሌ ነበር፤ የሰፈሩን ወሬ ያኔ ካወሩት አንዱ ሳይሆን አይቀርም። እሳቸው እጃቸውን አልነጠቁትም።

ዓርብ

ተመለስኩ። ጋሽ ወልዴ ለመንገድ ዳቦና ሙዝ ጠቅልለው እስከ ታክሲ ሸኙኝ። አውቶቡሱ አሰላ ሲደርስ ሰዓቴን አየሁ። ቀለም ቀቢዎቹ አሁን ገብተዋል ብዬ አሰብኩ። ያዝናል ብዬ የጠበቅኩት ልቤ ጸጥ አለ።

ዶዶላ ላይ ጎማው በሰላም አለፈ። ዲንሾ ላይ ያው ጉም ነበር። ሮቤ ሜዳ ላይ ስንደርስ ጉሙ ተነሳና ጣሪያዎቻችን በሙሉ ታዩ። ባለቤቴ ዓርብ ልብስ ታጥባለች። ሳላውቀው አንገቴን አዙሬ፣ ከዚያ ሁሉ ቆርቆሮ መሃል የቤቴን ገመድ እፈልግ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ደህና ነህ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ ደህና ነኝ አልኩት እንጂ አልዞርኩለትም። እስክንወርድ ድረስ ያየው አንድ ዓይኔን ብቻ ነው።